ሰኞ እግር፣ ማክሰኞ ድንጋይ

የጠብመንጃው ሰደፍ ወገቡ ላይ ሲያርፍ ማቴዎስ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በግንባሩ ተላተመ። አልጮኸም፤ ትንፋሽ አጥሮት እንጂ ጀግንነት ይዞት አይደለም።

"ተናገር! ሐይቁ ዳር ማንን ነው የምታገኘው?" አለ ኩማ፣ ሰደፉን እንደገና እያነሳ። ኩማ አብዮት ጥበቃ ከመሆኑ በፊት እዚያው ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበር። መሣሪያ ከታጠቀ ወዲህ ግን ሰላምታው ሁሉ በጥፊ ሆኗል።

"ኧረ ማንንም! ወገቤን ለማፍታታት ነው የምሄደው።"

"ሰኞ ትሄዳለህ፣ ማክሰኞ የለህም። ረቡዕ ደግሞ በዚያው ሰዓት ዋርካው ጋ ደርሰህ ትመለሳለህ። ቀጠሮ ካልሆነ ምንድን ነው?"

በዚያ በ1970 ዓ.ም. አዋሳ ውስጥ በአንድ መንገድ ደጋግሞ የተመላለሰ ሰው የፀረ አብዮተኞች መልእክተኛ ተብሎ ይያዝ ነበር። ማቴዎስ ምኑን ያውቀዋል! የወፍጮ ቤት ተሸካሚ ነው። ከአራት ወር በፊት ኩንታል በቆሎ እንደተሸከመ ወድቆ ወገቡ ተጎዳ። ከአልጋ ያነሳችው ከቡሹሎ ጤና ጣቢያ እየተመላለሰች ያሸችው ድሬሰሯ ታቢታ ናት፤ ያውም በነጻ። አንድ ቀን በእግር መሄድ፣ አንድ ቀን ድንጋይ ማንሳት ብላ ፕሮግራሙን በእጇ ጻፈችለት። "ሁለቱን ባንድ ቀን ከደረብክ ግን ዳግመኛ አትነሳም፤ ሰማኸኝ?" ብላውም ነበር።

ከኪሱ ያወጡት ወረቀት አሁን የሊቀመንበሩ የሞገስ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። የታቢታ ወንድም ባለፈው ወር ተረሽኗል። ስሟ ከተነሳ እሷም አትተርፍም።

"የማን ጽሑፍ ነው?" አለ ሞገስ።

"የራሴ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ኩማ በጥፊ አጮለው። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ አገጩ ላይ ወረደ።

"በማትወጣበት ቀንስ ማን ነው ቤትህ የሚመጣው?"

"ማንም አይመጣም። ድንጋይ ነው የማነሳው፣ ጉልበቴ እንዲመለስ። አሥር ጊዜ።"

ኩማ ከት ብሎ ሳቀ። ሞገስ ግን በመስኮቱ ወደ ግቢው እያየ ነበር።

"እዚያ በሩ ጋ ድንጋይ አለ። እውነት ስፖርት ከሆነ አንሳና አሳየን። ካቃተህ የጻፈልህን ሰው ፈልገን እናመጣለን።"

ማቴዎስ ድንጋዩን በመስኮቱ አየው። ዕለቱ ረቡዕ፣ የእግር ቀን ነው፤ የያዙትም ከሐይቁ ሲመለስ ነው። ሰደፉ ካረፈበት ወዲህ ወገቡ የራሱ አልመስልህ ብሎታል። ቤት ያለችው ነፍሰ ጡሯ ሚስቱ ደብሪቱ ትዝ አለችው። እሱ አልጋ ላይ ከቀረ ማን ያበላታል? ፈራ፤ በጣም ፈራ።

የግቢው ድንጋይ ቤቱ ሆኖ ከሚያነሳው እጥፍ ይሆናል። ይዘውት ወጡ፤ ጎንበስ ብሎ አቀፈው። ቀና ሲል ወገቡ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ዓይኑ ጨለመበት። ድንጋዩ ግን ደረቱ ደረሰ።

ኩማ መሳቁን ተወ። "እሺ በቃ፣ ጣለውና ሂድ" አለ፣ ፊቱን እያዞረ።

"ወረቀቱ አሥር ነው የሚለው" አለ ሞገስ።

ማቴዎስ ድንጋዩን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረ። ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

"አዎ፣ አሥር ነው" አለና ለሁለተኛው ጎንበስ አለ።