ለራዲያተር የተሰጠ የውዱእ ውሃ

በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ጦርነቱ ከወልድያ በራቀ ሰሞን፣ ከከተማዋ ወደ ደሴ በምትወርደው ጥቁር አሮጌ አውቶሞቢል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ መካኒኩ ሲራክ፣ ምጥ የጠናባት እህቱ ናርዶስና እናታቸው አሰለፈች።

መኪናዋን ሲራክ ብሎን በብሎን አድሶ ለሠርግ ያከራያት ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ በጤፍ ጭድ ክምር ውስጥ ቀብሮ አከረማት። የሰፈሩ መኪና ሁሉ ሲወሰድ እሷ ተረፈች። የከተማዋ ሆስፒታል ተዘርፎ ስለነበር ናርዶስን ለማድረስ ከእሷ በቀር ሌላ አልተገኘም።

መርሳን አልፈው ወደ ውርጌሳ ሲቃረቡ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። ሲራክ የሞተሩ ግለት ወደ መኪናዋ ውስጥ እንዲወጣለት ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፈተ። እናቱ ላባቸው እየተንቆረቆረ ናርዶስን በነጠላቸው ያራግቡላት ጀመር። አልበቃም። ከአንድ የገጠር መስጊድ ፊት ለፊት እንፋሎቱ ቡልቅ አለና መኪናዋ ቆመች። ኮፈኑን ሲከፍት ራዲያተሩ በጭድ ተደፍኗል።

ለአሱር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት የመጡ ገበሬዎች ከበቡት።

«የሙሽራ መኪናም ጭድ መብላት ጀመረች እንዴ?» አለ አማን የሚባለው። «እኛ እኮ ለበሬዎቻችንም አጣን።»

ከውስጥ ናርዶስ ስታቃስት ሰማ። ቀልዱን ትቶ ከአጥሩ እሾህ ሰበረና ጭዱን ይለቅም ገባ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሞተሩ እስኪበርድ ራዲያተሩ ጠራ። የቀረው ውሃ ነው። ቦኖው ከደረቀ ሰንብቷል፤ ምንጩ ሩቅ ነው።

ሼህ ኡበይደላ ከመስጊዱ አንድ ጀሪካን የውዱእ ውሃ ይዘው ወጡ። ሲራክ እጁን ሰበሰበ።

«አባባ፣ ይሄ ለሶላት መታጠቢያችሁ አይደል? በምን ልትሰግዱ ነው?»

«ውሃ ለቸገረው አላህ አፈሩን ፈቅዶለታል፣ ልጄ። እህትህን ግን አፈር አያደርሳትም። ቅዳ።»

ሲራክ ቀዳ፤ ጀሪካኑ እስኪንጠፈጠፍ ቀዳ። ጎንበስ ብሎም የሼሁን ጉልበት ሳመ። ሞተሩን ሲያስነሳ ሰዎቹ በመዳፋቸው ደረቁን አፈር መታ አድርገው ፊታቸውንና እጃቸውን ሲያብሱ አየ። እናቱ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ እስኪርቁ ድረስ መረቋቸው።

ናርዶስ ደሴ ሆስፒታል ገብታ በዚያው ምሽት በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ተገላገለች።