በማርቤሪ ባርኔጣ የዘነበ ዕለት

መጀመሪያ የኮልተር ፎልስ ተኩላዎች ነበርን፤ ሚኔሶታ ውስጥ። የኮልተር ፎልስ ሰው የበረዶ ሆኪን ከእኛ ይበልጥ ስለሚያውቅ ሲሰድበን እንኳ በዝርዝር ነበር። የወረቀት ፋብሪካው ሲዘጋ ግን ተሳዳቢውም እንጀራ ፍለጋ ተበተነ። የቡድኑ ባለቤት ሚስተር ሃልቨርሰን በገና ሰሞን፣ ውድድሩ ሳይጋመስ፣ ጓዛችንን አስጭኖ ሞቃቱ ደቡብ፣ ጆርጂያ ውስጥ ማርቤሪ የምትባል ከተማ አወረደን። እዚያ በረዶ የሚታወቀው ብርጭቆ ውስጥ ነው።

እኔ ሁለተኛ በረኛ ነበርኩ። ሥራዬ ለሚገባና ለሚወጣው ተጫዋች የተቀያሪዎቹን በር መክፈትና መዝጋት ነው። በረኛ ሳይሆን ዘበኛ በሉኝ። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

አዲስ ማልያ እንኳ አልተገዛልንም፤ የድሮው ከተማ ስም ላይ አዲሱን ሰፉበት። የምንጫወትበት አዳራሽ ቀድሞ የከብት ጨረታ ይካሄድበት የነበረ ነው። አቧራው በረዶው ላይ እየተኛ የጫማችንን ስለት ይበላዋል። አሰልጣኛችን ላሞት፣ አፉ የማያርፍ የኩቤክ ሰው፣ «ከእናንተ በፊት እዚህ የቆሙት በሬዎች በእግራቸው የተሻሉ ነበሩ» ይለን ነበር።

አምበላችን ዴል ስቶይካ ይባላል። የፊት ጥርስ የለውም፤ ጉልበቱ ሲታጠፍ ይሰማል። ሚስቱ አርዲት ከእሱ ጋር ከከተማ ከተማ ስትንከራተት ኖራ የዕቃ ካርቶን መፍታት እስከ መተው ደርሳ ነበር። ማርቤሪን ግን ወደደቻት። ካርቶኖቹን ፈታች፤ ትምህርት ቤት ሥራ ያዘች። አንድ ቀን ምሳ ጋብዘውኝ ሳለ ሳህን እያነሣች፣

«ዴል፣ ስማኝ። ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለችው። «ቡድኑ ከሄደ ብቻህን ሂድ።»

«እየቀለድሽ ነው?»

«እሱን ጠይቀው» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «እየሳቅሁ ነው?»

እየሳቀች አልነበረም። እኔ ድንቼን ማላመጥ ቀጠልኩ። ሰውዬው ግን ምግቡን አልጨረሰም። ከሆኪ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ ከአርዲት ሌላም ሰው የለውም። ሁለቱንም ይዞ መኖር የሚችለው ቡድኑ ማርቤሪ ከቀረ ብቻ ነው።

ማርቤሪዎች ደግሞ ወደዱን፤ በራሳቸው መንገድ። በሆኪ ልማድ አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ብቻውን ሦስት ጎል ካገባ፣ ተመልካቹ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ በረዶው ይወረውርለታል። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ የተሰጠው ሩፎስ ቢም ለሚባል የከብት ጨረታ አጫራች ነበር። እሱም ይህን ልማድ ከአንድ ሰው በጨረፍታ ሰምቶ፣ «ወገኖቼ፣ ሦስተኛው ጎል ሲገባ ባርኔጣ ይወረወራል!» ብሎ አወጀ። ማን ሲያገባ እንደሆነ አልነገራቸውም፤ አያውቅማ! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። ከዚያ ወዲያ ቡድኑ ሦስተኛ ጎል ባገባ ቁጥር፣ በሰባት እየተመራንም ቢሆን፣ ባርኔጣ ይዘንብ ጀመር። ጨዋታው ቆሞ እየጎነበስን እንለቅማለን። ላሞት ሊያርማቸው ተነሣ።

«ተዋቸው፤ ሰው የሚመጣው ለዚሁ ነው» አለው ሃልቨርሰን።

በኋላ ዳኞቹን መረራቸው። ከእንግዲህ ያለ ቦታው ባርኔጣ ከተወረወረ ባለሜዳው ቡድን ይቀጣል፤ አንድ ተጫዋቹ ለሁለት ደቂቃ ይወጣል አሉ።

የመጨረሻው ጨዋታ እሑድ ከሰዓት ነበር። ሃልቨርሰን መልበሻ ክፍል ገብቶ ቁርጡን ነገረን። «ካሸነፋችሁ ጥሎ ማለፍ እንገባለን፤ እዚሁ እንከርማለን። ካላሸነፋችሁ ዌስት ቨርጂኒያ አዳራሽ ይዣለሁ። ማክሰኞ አውቶቡስ ይነሣል፤ አዲሱን ሕዝብ በወዳጅነት ጨዋታ እንተዋወቃለን።» ዴል ጫማውን እያሰረ ነበር። ቀና አላለም።

ሩፎስም በድምፅ ማጉያው ለመናቸው። «ወገኖቼ፣ ዛሬ ባርኔጣችሁ ራሳችሁ ላይ ይዋል!»

ሁለት ለሁለት ሆነን ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀር፣ ከተጋጣሚው በረኛ የተመለሰችው የመጫወቻችን ጥቁር ጎማ የዴልን ዱላ አገኘች። ጎል! አዳራሹ በአንድ እግሩ ቆመ። ከዚያ አንድ ባርኔጣ ወረደ። አንድ ሲወርድ ማን ይቀራል? የገለባው፣ የላም ጠባቂው፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የመጡት እመቤቶች ላባ ያለው ሁሉ ወረደ። ሩፎስ «ኧረ በእግዚአብሔር!» እያለ ይጮሃል። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ አንድ ሰው ጎደለብን። ወደ ቅጣት ለሚሄደው በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ሊያልቅ ሲል ተጋጣሚያችን አገባ። ሦስት ለሦስት። ያኔ በምድብ ጨዋታ ጭማሪ ሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ አበቃ። ሕዝቡ ግን ቆሞ አጨበጨበልን። አቻ መውጣት ለእኛ ሽንፈት መሆኑ አልገባውም።

መኪና ማቆሚያው ጋ አርዲት ባዶ ራሷን ቆማ ትጠብቀው ነበር። ዴል አያት።

«ባርኔጣሽስ?»

«ወረወርኩት።»

«አንቺ? አንቺ እኮ ታውቂያለሽ!»

«አውቃለሁ» አለች፤ ማልቀስ ጀመረች። «ይህን ሁሉ ዓመት ስትጫወት ያን ያህል ሰው ሲነሣልህ አይቼ አላውቅም። እጄ ቀደመኝ። ምን ላድርግ፣ ደስ አለኛ!»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የመኪናውን በር ከፈተላት።

ማክሰኞ አውቶቡሱ ጋ መጣ። እጁ ባዶ ነው።

«ጓዝህስ?» አለው ላሞት።

«እኔ ቀርቻለሁ።»

«አብደሃል እንዴ? ሆኪ ትተህ ምን ልትሆን?»

«እንጃ» አለ ዴል። «አንድ ነገር እሆናለሁ።»

ላሞት ሰድቦት አቀፈው። ቡድኑ በዌስት ቨርጂኒያ ለቀጣዩ ገና እንኳ አልደረሰም፤ ፈረሰ። የዚያን ዕለት ግን ይህን አናውቅም ነበርና ሁሉም ለዴል አዘነለት። እኔ አላዘንኩለትም፤ ቀናሁበት። እኔን ቅር ወይም ሂድ ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ክፍት ስለሆነ የእሱንም የእኔንም ይዤ እግሬን ዘርግቼ ሄድኩ።