የድንጋይ ቅኝት

መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጊታር በስፒከር ሲያጓራ ሰምተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ገሰገሱ። ጊታሩን የያዘችው የዜማ ተማሪያቸው እሌኒ ነበረች።

«ምን ጉድ ነው ይኼ?»

«ለመዝሙራችን ነው፣ የኔታ። ሮክ ይባላል።»

«ሮክ ደግሞ ምንድን ነው?»

«በእንግሊዝኛ... ድንጋይ ማለት ነው።»

የኔታ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳቅ ቀደማቸው። ጊታሯን አስይዘው ወደ ግቢው አወጧትና ከወይራው ላይ የተንጠለጠለውን ጥንታዊ የድንጋይ ደወል በአለሎ መቱት።

«ታላቁ ሮክ ይኼ ነው። ያንቺው መጀመሪያ ከሱ ጋር ይቃኝ!»

እሌኒ ክሩን እያጠበቀች ስትቃኝ እሳቸው ደጋግመው ደወሉላት። የደባርቅ ሰው ቅዳሴ መስሎት ነጠላውን እያጣፋ ከየቤቱ ይጎርፍ ጀመር።

የኔታ ዞር ቢሉ ግቢው ሞልቷል።

«በይ እንግዲህ ጀምሪ» አሏት፤ «ሰው ጠርተናል።»