የእድሩ አረንጓዴ መብራቶች

የወይዘሮ ትሁን አስከሬን ተገንዟል፤ ካህናቱም ፍትሐቱን ጀምረዋል። ከድንኳኑ ሥር ግን ወንበሩ ከሰው በዝቶ ይታይ ነበር። የእድሩ ዳኛ አቶ መርሻ የመጣውን ሰው በዓይናቸው ለቀም ለቀም ካደረጉ በኋላ አፍረው ተዉት። ለማያውቀው መንገደኛ ሬሳ እንኳ ነቅሎ የሚወጣ እድርተኛ፣ ለሰው ለቅሶ ስትሮጥ ዕድሜዋን ለጨረሰች ሴት ከቤቱ አልወጣም።

ልጇ ዓለምነው ዕንባው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረባቸው።

«አያ መርሻ፣ እናቴ ምን በድላችሁ ነው? ተሸካሚ እንኳ ይጥፋ?»

አቶ መርሻ ቀብሩን ጥቂት እንዲያቆዩላቸው ካህናቱን ለምነው፣ ከዘራቸውን ጨብጠው ወደ እድሩ ቤት ገሠገሡ።

እድሩ ጡሩምባ ነፊውን ሙላቴን ያሰናበተው ባለፈው ዐቢይ ጾም ነበር። በእርሱ ምትክ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆነው የሰፈሩ ልጅ ዮሴፍ ለየአባሉ አንዳንድ ትንሽ ሳጥን ሠርቶ አደለ። በሳጥኑ ውስጥ ጣት የምታክል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ሬዲዮ፣ ባትሪና ድምፅ ማውጫ አሉ። ዮሴፍ ራሱ በጻፈው ፕሮግራም ከእድሩ ቤት ሆኖ ሬዲዮዎቹን ያዛል፤ ሰው ሲሞት የሟቹ ስም በየቤቱ ይጮኻል። ጥሪው የደረሰው ቤት በኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ፣ ያልደረሰው ቀይ ሆኖ ይታያል። ይህን ውሳኔ አንቀጽ በአንቀጽ አንብበው ያስጸደቁት አቶ መርሻ ነበሩ። ፊዚክስ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸውና የተቃወማቸው አልነበረም።

«ሁሉም አረንጓዴ ነው ጋሼ» አለ ዮሴፍ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ። «ጥሪው ከማለዳ ጀምሮ በየጊዜው እየተደጋገመ ነው። ሰው ካልመጣ እንግዲህ የሰው ጉዳይ ነው። ዘመኑ ተበላሽቷል።»

አቶ መርሻ ሰፈራቸውን ተጸየፉ። አብሮ የበላ፣ አብሮ ያለቀሰ ሕዝብ ጥሪ ሰምቶ ቤቱ ይቀመጥ? አንዱን እንኳ ፊት ለፊት ሳላሳፍር አልመለስም ብለው፣ የሟቿ የልብ ወዳጅ ወደ ነበረችው ወደ ማስተዋል ቤት ሄዱ። ማስተዋል ግቢዋ ውስጥ እያንጎራጎረች ጌሾ ትወቅጣለች።

«ይግቡ አያ መርሻ! ምነው ከደጅ?»

«ትሁን ሞታ አንቺ ጌሾ ትወቅጫለሽ?»

ዘነዘናው ከእጇ ወደቀ። «የቷ ትሁን? የእኔዋ? ኧረ ማን ነግሮኝ!»

«ሳጥኑ አልጮኸም?»

ሴትዮዋ እያለቀሰች ወደ ውስጥ ሮጠች፤ እሳቸውም ተከተሏት። ከአልጋው ሥር የብረት ሳጥኗን ጎትታ አወጣች፤ ባንገቷ ካንጠለጠለችው ክር ላይ ቁልፍ መዝዛ ከፈተችው። ካባዋን አነሣች፤ የክት ቀሚሷን አነሣች፤ ከሥሩ በፌስታል የተጠቀለለውን የእድሩን ሳጥን አወጣች። ጥቂት እንደ ቆየ በእጇ ላይ እንዳለ ጮኸ፦ «ወይዘሮ ትሁን አርፈዋል! ቀብር በስድስት ሰዓት!»

ማስተዋል ሳጥኑን አልጋው ላይ ጥላ ደረቷን መታች።

«ብረት እኮ ሬዲዮን ያፍናል!» አሉ አቶ መርሻ። «ምን ሆነሽ ነው የቆለፍሽበት?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ በስብሰባው ‹የእድር ንብረት ነው፤ እንደ ወርቃችሁ ጠብቁት› ያሉን? እኔ ወርቄን የት ነው የማኖረው? ያልቆለፈውስ ማን አለ?»

አቶ መርሻ ወደ እድሩ ቤት ተመለሱ። አሁን የሚጸየፉት ሰፈሩን አልነበረም።

«የማስተዋልን ቤት አሳየኝ» አሉት ዮሴፍን።

«ይኸው፣ አረንጓዴ።»

«ሳጥኗ በብረት ተቆልፎበት ከርሟል። ማን ‹ሰማሁ› ብሎ ነው ይህ የበራው?»

ዮሴፍ ጆሮው ቀላ። «እዚህ ያለውን ሬዲዮ ‹ላክ› ብዬ አዝዘዋለሁ። ካዘዝሁት... አበራዋለሁ።»

«መልስ ሳትጠብቅ?»

«መጀመሪያ ይጠብቅ ነበር ጋሼ። ሳጥኖቹ የተመረቁ ዕለት ግን አብዛኛው ቤት አልመልስ አለ። በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ቀይ በቀይ ሲሆን አፈርኩና... መጠበቁን አስቀረሁት፤ ለጊዜው ብዬ ነው። ቆይቼ ላስተካክለው።»

«ቅድም ‹ዘመኑ ተበላሽቷል› ስትለኝ ይህን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ ዮሴፍ። አቶ መርሻ ዝንብ የወደቀበት ወተት እንደ ጠጣ ሰው ፊታቸውን አኮማተሩ። መሣሪያ ቢሰበር ይጠገናል፤ ይህ ግን ሐሰት እንዲናገር ሆነ ተብሎ የተሠራ ነው። ልጁ የተቀመጠበትን ወንበር እንኳ መንካት ቀፈፋቸው።

ጡሩምባ ነፊው ሙላቴ ከቤቱ በረንዳ ላይ ሆኖ አቶ መርሻ ሲመጡ አያቸው።

«እንዴት ዋሉ ዳኛው? ሳጥንዎን ጉንፋን ያዘው እንዴ?»

አቶ መርሻ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ትሁን አርፋለች፤ ለሰውም አልተነገረም። አንቱን ያስወጣሁ እኔ ነኝ፤ የምለምንዎትም እኔው ነኝ።»

የሙላቴ ሣቅ ከፊቱ ጠፋ። ብድግ ብሎ ጡሩምባውን ከግድግዳው አወረደ።

«ይህንን በስብሰባ ይደግሙታል?»

«በስብሰባ እደግመዋለሁ።»

ጡሩምባው ከቁልቁለቱ እስከ ገበያው አፋፍ አስተጋባ። ወዲያው በየበሩ ዋይታ ተሰማ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ ከሥራቸው እንደ ወጡ ሮጡ። ቃሬዛው ሲነሣ ተሸካሚው ተሻምቶ ዓለምነውን ከእናቱ እግር ሥር ገፋው። ልጁም ባዶ እጁን፣ በሰው ታጅቦ፣ ልቡ እስኪወጣ አለቀሰ።

ከቀብር መልስ አቶ መርሻ ዮሴፍን አስቀምጠው ፕሮግራሙን በዓይናቸው ፊት አስቀየሩት፤ ከእንግዲህ ሳጥኑ ራሱ ካልመለሰ አረንጓዴ እንዳይበራ። ዮሴፍ ሥራውን ጨርሶ ለሙከራ ጥሪ ላከ። ከማስተዋል ቤት በቀር ኮምፒውተሩ ከዳር እስከ ዳር ቀላ።

«ያስጠላል ጋሼ» አለ ዮሴፍ አንገቱን ደፍቶ።

«አዎን፣ ያስጠላል። እንዳትነካው።» ከዚያ በከዘራቸው ጫፍ ወደ ኮምፒውተሩ አመለከቱ። «የእኔ ቤት የትኛው ነው?»

ዮሴፍ ትንሽ አመነታና በጣቱ አሳያቸው። ቀይ ነበር። አቶ መርሻ እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደዱ፤ የብረት ሳጥናቸውን ቁልፍ ዳሰሱትና፣ የረከሰ ነገር እንደ ነካ ሰው እጃቸውን መልሰው አወጡ።