ዶቨር ማለት ውኃ ነው

የታላቅ ወንድሜ የተስፋው መርዶ ሰቆጣ የደረሰው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዶቨር በሚባል የእንግሊዝ ወደብ ከተዘጋ የጭነት መኪና ውስጥ ሬሳው ወጣ። አብሮት ተደብቆ የነበረው አስማረ ተርፏል። እናቴ ወይዘሮ ባንቺ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦

«ጉሮሮውን ያራሰለት ሰው ነበር?»

መምህር ጌታሰው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ተቀምጧል። የጎጃም ሰው፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ሊያጽናናት ፈለገ መሰለኝ።

«እማማ፣ ዶቨር ማለት እኮ ‹ውኆች› ማለት ነው» አላት። «ስሙን ያወጡት እንግሊዞች አይደሉም። ከነሱ በፊት የነበሩት ሰዎች በቋንቋቸው ወንዙን የጠሩበት ነው። ሮማውያን መጡ፣ እንግሊዞች መጡ፤ ቋንቋው ከዚያ ጠፋ፣ ስሙ ቀረ። የቋንቋው ዘመድ ዌልስ በሚባል አገር ዛሬም ይነገራል።»

«እንደኛ ነዋ! የኛም ጋራና ወንዝ ስሙ የአገዎቹ ቋንቋ፣ ኽምጣኛ ነው፤ ጠሪው ትርጉሙን አያውቀው» አለች እናቴ። «እንግዲያ ልጄ ውኃ አላጣም።»

መርዶው ከመጣ ወዲህ እህል የቀመሰችው ያን ቀን ነው።

በማግስቱ አልቃሿ ማንጠግቦሽ መጣች። የአስማረ እናት ናት። ልጄን ያስኮበለለው ተስፋው ነው ብላ ቂም ይዛብናለች፤ ቢሆንም በሰፈሩ እንደ እሷ የሚያስለቅስ የለም። የዶቨርን ትርጉም ሰምታ ኖሮ መሐል ቆማ አወጣችው፦

«ስሙ ውኃ ካሉት አገር ገብቶ ልጅሽ፣
ጥም ገደለው አሉ፣ ባንቺ ምን ይበጅሽ!»

ሴቶቹ ጮኹ። እናቴ እጇን አነሳች።

«ጥም መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«አስማረ በስልክ ነግሮኝ ነዋ! ጎን ለጎን ነበሩ።»

«እሱስ ምን ጠጥቶ ዳነ?»

«ያችኑ የተስፋውን አንድ ሃይላንድ ውኃ…» ማንጠግቦሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ግጥምሽ ጥሩ ነው» አለች እናቴ። «ድገሚው።»

ደገመችው። የሟች እናት በቃሽ ሳትላት አልቃሽ አታቆምም። ጉሮሮዋ ሲደርቅ ውኃም ሆነ ጠላ የሚያቀርብላት ደግሞ ሐዘንተኛው ቤት ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። የማንጠግቦሽ ድምፅ ሻከረ፣ ቆይቶም ተሰነጠቀ። ውኃ በጣሳ ቀድቼ ስነሳ እናቴ ቀሚሴን ጨብጣ ሳበችኝ።

«ተቀመጪ።»

ማንጠግቦሽ ጣሳውን እያየች ከንፈሯን ላሰች።

«ባንቺ፣ በሞቴ…»

«ድገሚው» አለች እናቴ።