ለንሳ ያዛወረችው ተራ

ዝም ማለቱ እሺ ማለት መሰላት እንዴ፣ ስልኩ ተዘጋ፣ ሚስቱ ወርቅቱ ከበሩ ቆማ ነይ አልካት ማለት ነው ትለዋለች፣ እሱ መቼ ነይ አለ፣ ምንም አላለም፣ አዎ፣ ልጃቸው ለንሳ ትምህርት ቤት ልሂድ ስትልም ምንም አላለም፣ ፈቀደ ብላ ሄደች። አሁንም አባ፣ ሥራውን ትቼ ልምጣ አለች፣ ጂራ ዝም።

ቁልቁል ወደ ሹኩሪያ ሱቅ ይወርዳል፣ ስልኩ ካርድ የለውም። ለንሳ የምትሠራበትን ደረቅ ወደብ ይሉታል፣ ውሃ የሌለው ወደብ፣ ቤት የሚያህል ኮንቴነር አንዱ በአንዱ ላይ ተከምሮ፣ ነገ የሚወጣው ከታች ተቀብሮ፣ ክሬኑ የላዩን ሲያወርድ፣ የታቹን ሲያወጣ፣ መልሶ ሲከምር ይመሻል፣ ለንሳ ቶሎ የሚወጣው ከላይ ይሁን አለች፣ ዕቃው የቀረበለት መኪና ይቅደም፣ ክሬኑ በከንቱ አይመላለስ። ደግ ብላለች። ሾፌሮቹ ግን ጎህ ሳይቀድ ተራ የያዙ ናቸው፣ ተራ አፍራሽ፣ ሂጂ ጤፍሽን ውቂ አሏት፣ ጤፍ መውቃት ከመቼ ወዲህ ነው ስድብ የሆነው፣ የክሬኖቹም ሰዎች ሰላምታ ነሷት።

አይፈረድባቸውም። ፀሐይ ላይ ቆመህ ኋላ የመጣው ሲያልፍህ ያንገበግባል፣ በደቦው ጊዜ ደመናው ሲከብድ የጉደታን ተራ ዘለን የድንቅቱን አላጨድንም እንዴ፣ ባል የሌላት፣ ማሳዋ ውሃ የሚተኛበት፣ ጉደታ ሳምንት ሙሉ አኩርፎ ፊቱን አዙሮ ሲያልፍ ከረመ፣ ከዚያስ፣ ማጭዱን ይዞ ከተፍ፣ ምን ታፈጣላችሁ፣ ሰው አይታችሁ አታውቁም ብሎ። ሾፌሮቹም ይመለሳሉ። ይህን ማለት ነበር እኮ፣ አፉን ምን ያዘው፣ ልጅቷ እያለቀሰች፣ እሱ እንደ ግንድ።

ኦቦ ጂራ፣ እርስዎ ደግሞ ካርድ፣ ዛሬ በረዶ ሊጥል ነው ትላለች ሹኩሪያ፣ ስቃ ፍቃ ትሞላለታለች፣ አይስቅም፣ ይደውላል፣ ይጠራል፣ አታነሳም፣ ይጠራል።

አባ፣ ሻንጣዬን አስሬያለሁ፣ ነገ እነሳለሁ።

ፍቺው።

አባ?

ፍቺው፣ አኩርፈው ይመለሳሉ፣ ሰው ነው። ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሹኩሪያ እያየችው ነው፣ ተይ፣ አትምጪ። የምመጣው እኔ ነኝ፣ ያንን ክሬን ታሳዪኛለሽ።