እርጥብም ቢሆን

"እርጥብም ቢሆን ስጠኝ!" አለች ወይዘሮ ታልቦት።

ማር ፉክ ካውያውን ምድጃው ላይ መለሰና ቀና አለ። በዚህች የአሜሪካ የጣውላ ከተማ የሰው ልብስ ማጠብ ከጀመረ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ እርጥብ ልብስ ልውሰድ ያለው ደንበኛ ግን ገጥሞት አያውቅም።

"እሜቴ፣ ቀጠሯችን እኮ ቅዳሜ ነው። ገና አልተተኮሰም።"

"ስጠኝ አልኩህ እኮ ጆን!"

ስሙ ጆን አይደለም፤ ለከተማው ሰው ግን ቻይናዊ ሁሉ ጆን ነው። ሴትየዋ ውሃ የሚያንጠባጥቡ አንሶላዎቿን ታቅፋ፣ ዓይኑን ሳታይ ወጣች። ከእሷ በኋላ ዳቦ ጋጋሪው መጣ፤ ከዚያ የፓስተሩ ሚስት። ሁሉም ቸኩለዋል፤ ምክንያቱን የሚናገር ግን የለም።

ሚስቱ ኦይ ላን ሕፃኑን አዝላ ከጓዳ ብቅ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"አንተ ሰው፣ አልገባህም እንዴ? ዛሬ ሌሊት ልብሳቸው አብሮን እንዳይቃጠል እኮ ነው!"

በቅርቡ ታኮማ ከተማ ላይ ነጮቹ ወገኖቻቸውን በዝናብ ነድተው አባረው፣ ቤቶቻቸውን አቃጥለዋል። የፈሩት ይደርሳል ነውና እሳቱ እነሱም ደጅ ደረሰ።

"እንሂድ" አለች።

"ወዴት? ባቡሩም ወደቡም በእነሱ እጅ ነው።"

"እና ቁጭ ብለን እንጠበስ?"

"ልጃችን እኮ እዚሁ ነው የተወለደው።"

"ታዲያ ሄደህ ንገራቸዋ!"

በሩ ተበርግዶ የጣውላ ፋብሪካው ባለቤት ሚስተር ክሮስቢ ገባ። በሰሞኑ ስብሰባ "ቻይናዎች ይውጡ!" እያለ ከሁሉ በላይ የጮኸው እሱ ነው። እሁድ ልጁን ይድራል።

"የልጄን ቀሚስ አምጣ።"

የሙሽራዋ ቀሚስ ደርቆ፣ ተተኩሶ ከመጋረጃው ጀርባ ተሰቅሏል።

"ስጠውና ይሂድልን፣ በልጅህ ሞት!" አለች ኦይ ላን በቋንቋቸው።

ማር ፉክ መጋረጃውን ይበልጥ ዘጋው። "ገና አልደረቀም፣ ጌታዬ።"

"ግድ የለም፣ አምጣው!"

"አሁን ከተነሳ ዳንቴሉ ይበላሻል። ለእሁድ አይሆንም።"

ክሮስቢ አፍጥጦ አየው። ማር ፉክ ካውያውን ከምድጃው አነሳ።

"ነገ ጠዋት ይምጡ" አለ። "እኔም ቀሚሱም እዚሁ ነን።"